ነጋሪቱ ሲጎሰም እኛ የት ነበርን?



ስለ ጦርነት ሲጻፍ የተለመደው ማን ጀመረው፣ ማን አሸነፈ፣ መሬቱስ የማን ነው የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ጦር አዛዦችና ስለ ካርታ አይደለም። ስለ እኛ ነው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ ሲዋጉ ግንባር ያልሄድነው፣ በየቤታችን ሬዲዮ ከፍተን፣ ቡና አፍልተን ወሬ ስንሰማና ስናሰማ የቆየነው ሰዎች ምን አልን? ምን አደረግን? ምንስ ሳናደርግ ቀረን? እስቲ አብረን እንመርምር። ያለፈውን ለምን ታነሳለህ የሚለኝ ካለ፣ ያልተመረመረ ጥፋት አያልፍም፤ ተራውን ጠብቆ ይመለሳል እለዋለሁ።

ታሪኩን በአጭሩ እናስታውስ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ነፃ አገር ስትሆን የሁለቱ አገሮች መሪዎች ወዳጆች ነበሩ። ድንበሩ ግን መሬት ላይ አልተከለለም። በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ስታወጣ በንግዱ ላይ ቅሬታ በዛ። በዚያው ዓመት ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር ባድመ ገባ። ግንቦት 28 ቀን የሁለቱም አገሮች አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉ፤ መቀሌ ላይ የአይደር ትምህርት ቤትና አካባቢው ተመትቶ ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፤ ከመካከላቸውም ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያም በየካቲት 1991 እና በግንቦት 1992 ዓ.ም. ታላላቅ ውጊያዎች ተካሄዱ። ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. ተኩስ ለማቆም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ደግሞ ለሰላም አልጀርስ ላይ ተፈረመ። የሞቱት ከሁለቱም ወገን ከ70,000 እስከ 100,000 እንደሚደርሱ ይገመታል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። የተወረረ ሰው ራሱን መከላከሉን ዲናችን አይነቅፍም። በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የካሳ ኮሚሽንም በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ኤርትራ በግንቦት 1990 በከፈተችው ጥቃት ዓለም አቀፍ ሕግን ተላልፋለች ሲል ወስኗል። ስለዚህ ትችቴ አገሩን ለመጠበቅ ደረቱን በሰጠው ወታደር ላይ አይደለም። በኋላው ተቀምጦ በነበረው፣ በእኔና በእናንተ ላይ ነው።

ጦርነት እንደ ሠርግ

የካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ተመለሰች ሲባል የነበረውን አስታውሱ። በየሰፈሩ እልልታ ቀለጠ። በመስቀል አደባባይ ሕዝብ ጎርፎ ጨፈረ። በአስመራም በኩል እንዲሁ የራሳቸው ዘፈንና ፉከራ ነበራቸው። ከውጭ አገር፣ ከአሜሪካም ከዓረብ አገሮችም፣ የሁለቱም ወገን ስደተኞች ከደመወዛቸው ቀንሰው ለየመንግሥታቸው ገንዘብ ላኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲደሰት ግን በዚያ ሳምንት በምሽግ ውስጥ የወደቁት ልጆች ገና አልተቀበሩም ነበር። መርዶው የመጣው ጭፈራው ካለቀ በኋላ ነው። እናትየው በእልልታዋ ድምፅ የራሷን ልጅ ሞት ሳታውቅ ያደመቀችበት ቤት ስንት ይሆን?

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጠላት ጋር መገናኘትን እንዳንመኝ፣ ይልቁንም አላህን ደህንነት እንድንለምነው፣ መጋጠሙ የግድ ከሆነ ደግሞ እንድንታገሥ እንዳስተማሩ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ! ይህን ያሉት ጦርነትን በሩቅ የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ራሳቸው የዘመቱ፣ የቆሰሉ፣ አጎታቸውን ሐምዛን በኡሑድ ያጡ ናቸው። ጦርነትን የቀመሰ አይመኘውም። የሚመኘው ከሩቅ የሚያየው ነው። እኛ ሙስሊሞችም ይህን ሐዲስ እያወቅን ከጨፋሪው ጋር ጨፈርን።

ወራቱንም አላስተዋልንም። ጦርነቱ የተጀመረው በ1419 ዓመተ ሒጅራ ሙሐረም ውስጥ ነበር። የየካቲቱ ታላቅ ውጊያም በዚያው ዓመት ዙልቀዕዳ ላይ ዋለ። ሁለቱም አላህ (ሱ.ወ.) ካከበራቸው አራት ወራት ናቸው። መንግሥታቱ በዚህ አቆጣጠር አይመሩም፤ እኛ ግን የምናውቅ ነበርን። በየመስጊዳችን ይህን ያነሳ፣ ደም የተከለከለበት ወር ነው ብሎ ለእርቅ ዱዓ ያስደረገ ስንት ነበር? እኔ በምሰግድበት መስጊድ አልሰማሁም። አልጠየቅሁምም።

የሰማነውን ሁሉ

ጦርነት የውሸት ገበያ ነው። በሁለቱም አገሮች ሬዲዮ ጠላት ሁልጊዜ ይደመሰሳል፤ የራስ ወገን ግን አይሞትም። እኛም ያንን ተቀብለን፣ ጨምረንበት ለጎረቤት እናደርስ ነበር። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ላይ አመፀኛ ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳታውቁ ሕዝብን እንዳትጎዱ አረጋግጡ ተብለን ታዘን ሳለ፣ ማረጋገጥ እንደ ክህደት ተቆጠረ። ‹‹እርግጥ ነው ወይ?›› ብሎ የጠየቀ ሰው ‹‹አንተ የማን ነህ?›› ተባለ።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ። ወዲያው በኢትዮጵያ መንግሥት በኩል ባድመ ለኢትዮጵያ ተወሰነች ተብሎ ተነገረን። ውሳኔው ባድመን በስም ጠርቶ አልወሰነም፤ መስመሩን በነጥቦች ነው ያስቀመጠው። መስመሩ መሬት ላይ ሲታይ ግን ባድመን ወደ ኤርትራ የሚያስገባ ነበር። ያን ያህል ሰው ያለቀባት ስፍራ የማን እንደሆነች እንኳ አጣርተን ሳናውቅ ነበር የተደሰትነው። ደስታውን ያወራን ሰዎች እውነቱ ሲታወቅ ያንኑ ያህል አላወራንም። የሰማውን ሁሉ ማውራት ለአንድ ሰው ውሸት እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። በዚህ ሚዛን ብንለካ ማናችን እንተርፋለን?

ጎረቤታችን ሲወሰድ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ከሰኔ 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ወደ 75,000 የሚገመቱ የኤርትራ ተወላጆችን አባረረች። ከነርሱም ብዙዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ነበሩ። ኤርትራም በበኩሏ 70,000 ያህል ኢትዮጵያውያንን አባርራለች ተብሎ ይገመታል፤ ብዙዎችም ታስረው ተንገላተዋል። የወቅቱ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የዓይናቸው ቀለም ባያምረን እንኳ የውጭ ዜጋን ማስወጣት እንችላለን የሚል ንግግር ሲያደርጉ፣ በየቤቱ ሰምቶ የደነገጠው ጥቂት፣ የሳቀው ብዙ ነበር።

በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ከምጽዋ መጥተው አዲስ አበባ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ኖረዋል። በረመዳን የማፍጠሪያ ሳምቡሳ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይለዩ ለጎረቤት ሁሉ ይልኩ ነበር። አንድ ሌሊት ሱብሒ ሳይደርስ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። እርሳቸውና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ነጠላቸውን እንደተከናነቡ እየወጡ ነበር። መጋረጃውን መለስኩት። ውዱእ አድርጌ ሱብሒን ሰገድኩ። በማግስቱ ቡና ላይ አንዱ ‹‹መቼም መንግሥት ያለ ነገር አይወስዳቸውም›› ሲል እኔም ‹‹እውነት ነው›› አልኩ። ከወር በኋላ የቤት ዕቃቸው በርካሽ ሲሸጥ የገዙ ሰዎች መካከል ጀመዓችንም ነበሩ።

ጂብሪል (ዐ.ሰ.) ስለ ጎረቤት አደራ ከማብዛቱ የተነሳ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤት ሊወርስ ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ ነበር። እኛ ግን ጎረቤታችንን በሕይወት እያሉ ወረስናቸው። አላህ (ሱ.ወ.) አንዲት ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከም በቁርኣን ነግሮናል፤ እኛ ግን የአንድን መንግሥት ጥፋት ሳምቡሳ በምትልክ እናት ላይ ጫንን። በሱረቱል ማኢዳህ 8ኛው አንቀጽ ላይ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያስወጣን ታዘናል። አንቀጹን በቂርኣት ስንሰማው ‹‹ማሻአላህ›› እንላለን። በሥራ የተፈተንበት ቀን ግን መጋረጃችንን መለስን።

እኛ ሐበሾች ነጃሺ ሰሐቦችን አስጠለለ፣ ምድራችን ሰው የማይበደልባት የፍትሕ ምድር ተባለች እያልን እንኮራለን። ኩራቱ ተገቢ ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች እጅ መንሻ ይዘው መጥተው ስደተኞቹን አስረክበን ባሉት ጊዜ ነጃሺ መጀመሪያ ያደረገው የተከሰሱትን ጠርቶ ማዳመጥ ነበር። እኛ በስሙ የምንኮራው ሰዎች የተከሰሰውን አዳምጠን ነበርን?

ሁለቱ ጥሪዎች

በሙስሊሞች ዘንድ ሁለት ዓይነት ስሕተት ታይቷል። አንደኛው የዘርና የአገር ጥሪ ከወንድማማችነት ሲበልጥ ነው። በበኑ ሙስጠሊቅ ዘመቻ ጊዜ አንድ ሙሃጂር አንድ አንሷሪን ሲመታው አንዱ አንሷሮችን፣ ሌላው ሙሃጂሮችን ለእርዳታ ጠራ። ሙሃጂርና አንሷር የተከበሩ ስሞች ናቸው፤ በቁርኣን የተመሰገኑ ናቸው። ቢሆንም ለጠብ መጥሪያ ሲሆኑ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጥሪውን የጃሂሊያ ጥሪ ብለው፣ የገማ ነገር ነውና ተዉት አሉ። እንግዲህ ‹‹ኢትዮጵያዊ›› እና ‹‹ኤርትራዊ›› የሚለው ስም ዙልምን ለመሸፈኛ ሲጠራ ምን ሊባል ነው?

ሁለተኛው ስሕተት ‹‹ጉዳዩ የእኛ አይደለም፣ የመሪዎቹ ነው›› ብሎ ዳር መቆም ነው። ይህን ያሉትን ሰምቻለሁ። ነገር ግን በቡሬ ግንባር በኩል ያለው የአፋር ሙስሊም ወንድማማች ሕዝብ ድንበሩ ለሁለት ከፍሎት ይኖራል። በሁለቱም ምሽግ ውስጥ የሚሰግዱ ነበሩ። መጋቢት 1991 ዓ.ም.፣ ከየካቲቱ ውጊያ ብዙም ሳይቆይ፣ የሁለቱ አገሮች ሐጃጆች በዐረፋ ሜዳ አንድ ዓይነት ነጭ ጨርቅ ለብሰው ቆሙ። ጉዳዩ የእኛ ካልሆነ የማን ነው? በሑጁራት 9ኛው አንቀጽ የታዘዝነው በሚጋደሉት መካከል እንድናስታርቅ፣ ወሰን ያለፈውንም እንድናስቆም ነው።

የውጭ ጋዜጦች ደግሞ ሁለት ራሰ በራዎች በማበጠሪያ ተጣሉ እያሉ አሾፉ። በሰው ልጅ ደም ማሾፍ እውቀት አይደለም። ንቀቱ ባይጎዳንም፣ የራሳችን ሰዎች ይህን ቀልድ እየደጋገሙ ብልህ የሆኑ ሲመስላቸው ማየት ያሳዝን ነበር።

ሰላሙም እንደ ጦርነቱ

ግንቦት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ገዢ ፓርቲ የአልጀርሱን ስምምነት ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ አለ። የአይደር ልጆች ከሞቱ ልክ 20 ዓመት በሞላው ቀን መሆኑን ስንቶቻችን አስተዋልን? ሐምሌ 2 ቀን አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ተፈረመ። ስልክ ተከፈተ፣ አውሮፕላን በረረ፣ ዘመድ ከዘመድ ተቃቅፎ አለቀሰ። አልሐምዱሊላህ፣ ያ እንባ እውነተኛ ነበር።

ግን እዚህም ላይ ትችት አለኝ። በ1991 የጨፈረው ሕዝብ በ2010ም ያንኑ ያህል ጨፈረ፤ በሁለቱም ጊዜ ‹‹ለምን?›› ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። የተባረሩትን ማን ይቅርታ ጠየቀ? በርካሽ የተገዛውን ዕቃ ማን መለሰ? በዲናችን ተውበት የሰው ሐቅ ካለበት ሐቁን ለባለቤቱ መመለስን፣ አውፍ መባባልን ይጠይቃል። እኔም ከዘመድ ዘመድ ቁጥር ፈልጌ ወደ አስመራ ደወልኩ። ልጃቸው አነሳች። እናቷ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። አውፍ ልባል የፈለግሁት ከእርሳቸው ነበር፤ ቀጠሮው ለቂያማ ተላለፈ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከፈተው ድንበር ብዙ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሳ የኤርትራ ጦር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጎን ተሰልፎ ገባ፤ የነጃሺ መስጊድም በጦርነቱ ተጎዳ። ትናንት በጠላትነት የተሰደበው በወዳጅነት ተሞገሰ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ስለ ባሕር በርና ስለ አሰብ ክርክሩ በረታ፤ ፉከራም አብሮት ተሰማ። ወዳጅና ጠላት በየጊዜው ሲቀያየሩ፣ የማይለወጥ ሚዛን የሌለው ሰው አብሮ ይገለባበጣል።

ታዲያ አገራችንን አንውደድ? እንውደድ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መካን ለቀው ሲወጡ ወደርሷ ዞረው ባያስወጡኝ ኖሮ አልወጣም ነበር ብለዋል። ይህን ያህል የወደዷትን ከተማ ግን ድል አድርገው ሲገቡ ነዋሪዎቿን ማሩ። አገር መውደድ የጎረቤትን ዕቃ መግዛት አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ጦርነት ማስቆም በእጃችን ላይሆን ይችላል። መጋረጃው ግን በእጃችን ነው። ያላጣራነውን ወሬ አለማድረስ፣ ልጆቻችን ፊት አንድን ሕዝብ በጅምላ አለመስደብ፣ ሌሊት ለሚወሰድ ጎረቤት ቢያንስ በር ከፍቶ ወጥቶ መታየት፣ የተረፈ ዕቃውን በአደራ መያዝ፣ ይህ ሁሉ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም። በየቤታችሁም ዛሬ ማታ ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ አንሱላቸው፤ ነጋሪቱ ዳግም ቢጎሰም እኛ የት እንገኛለን?

አላህ ሁለቱንም ሕዝቦች ከደም ይጠብቅ፤ የበደልናቸውንም አውፍ እንዲሉን ልባቸውን ያራራልን። አሚን።