ሁለተኛው ፔሌ

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈራችን ካለች ሻይ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣዬን ሳገላብጥ፣ ጎረቤቴ የ13 ዓመት ልጁን አስከትሎ መጣ። ልጁ ፕሮጀክት ገብቶ ኳስ ይሠለጥናል፤ ጎበዝ ነው ይላሉ። ሰፈሩም ስም አውጥቶለታል፦ «ያማል»። አባት ሆዬ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «ትምህርቱስ?» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ለዚህ ልጅ ደብተር ምን ያደርግለታል? ነገ ባርሴሎና ሲጫወት ያዩታል!»

ሻይ ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ልጁ ግን መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ልብ ወለድና ግጥም በማስተማር ነው። ታዲያ የአንድን ታሪክ አጀማመር አይቶ መጨረሻውን መጠርጠር የሙያ በሽታ ሆኖብኛል። በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ፍሬዲ አዱ ነው።

ስሙን ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አዱ በ1989 ጋና ውስጥ፣ ቴማ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። ስምንት ዓመት ሲሆነው እናቱ ዲቪ ደረሳትና ቤተሰቡ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ገባ። አዎ፣ እኛው የምናውቀው ዲቪ! እናቱ ሁለት ሥራ እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። ይህን ምዕራፍ ከእኛ ሰው ማን አያውቀውም? ዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት ዘመዶቻችን ስንቱ በዚሁ በር ገብቶ፣ በሁለት ሥራ መሐል እየሮጠ ልጅ አሳድጓል!

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። አዱ በ2003 መጨረሻ ላይ፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ ለዲሲ ዩናይትድ ሊጫወት ከአሜሪካ ሊግ ጋር ፈረመ። ናይኪ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ከፔሌ ጋር ቆሞ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ ሠራ። ኤፕሪል 3 ቀን 2004 ተቀይሮ ሲገባ በሊጉ ታሪክ በዕድሜ ትንሹ ተጫዋች ሆነ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጎል አገባ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ዋንጫ በላ። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ተቀባብሎ «ሁለተኛው ፔሌ» አለው።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልሱ ልጁ እግር ላይ ብቻ አይገኝም። በ1996 የተጀመረው የአሜሪካ ሊግ ከስሮ ከስሮ፣ በ2002 መጀመሪያ ላይ ሁለት ክለቦችን ዘግቶ በአሥር ቀርቶ ነበር። ተመልካች የሚጠራ፣ ለማስታወቂያ የሚመች ተረት ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ የአንድ ሊግ ጣሪያ በ14 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ተጫነ ማለት ነው።

በዚያው በ2004፣ በኦክቶበር ወር፣ አንድ ሌላ ልጅ ለባርሴሎና የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ አደረገ። ዕድሜው 17 ነበር፤ ክለቡ ከ2000 ጀምሮ በታዳጊ ቡድኖቹ ውስጥ እያሳለፈ ቀስ አድርጎ አሳድጎታል። ሊዮኔል ሜሲ ይባላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ጨርሰውታል።

አዱ ችሎታ አልነበረውም እንዳትሉኝ። በ2007 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ፖላንድ ላይ ሦስት ጎል አግብቷል፤ ብራዚልን ያሸነፈው ቡድን ውስጥም ነበረ። ወዲያው ቤንፊካ በሁለት ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያለው የሻንጣ ታሪክ ነው። ሞናኮ፣ ግሪክ፣ ቱርክ፣ ተመልሶ አሜሪካ፣ ብራዚል፣ ሰርቢያ፣ ፊንላንድ… በ2021 አንዲት የስዊድን ትንሽ ክለብ አንድም የውድድር ጨዋታ ሳያደርግላት አሰናበተችው። 31 ዓመቱ ነበር።

«ሰነፍ ነበር፤ ዝና አሰከረው» ይላሉ ተቺዎቹ። እሱ ራሱም ተሰጥኦውን ተማምኖ የሚገባውን ያህል እንዳልሠራ አምኗል። ይህ እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ገና ሲነሣ «ደርሰሃል» የተባለ መንገደኛ ምን ብሎ ይራመድ?

ደግሞስ ውድቀት የምንለው የቱን ነው? እስቲ «ፔሌ» የምትለዋን ስም አውጡና ታሪኩን እንደገና አንብቡት። በዲቪ የመጣ የድሃ ልጅ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን 17 ጊዜ ተሰለፈ፣ የቤንፊካን መለያ ለበሰ፣ ከአሥር ዓመት በላይ በኳስ እንጀራውን በላ። ይህ ሰው ቴማ ቢመለስ የሚመረቅበት እንጂ የሚታዘንለት አልነበረም። ድርሰቱን ያበላሸው ርእሱ ነው። ርእሱን ያወጣነው ደግሞ እኛ አንባቢዎቹ ነን።

«እኛ» ያልኩት ለአነጋገር አይደለም። አስተማሪ ሳለሁ አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግጥም ይዞልኝ መጣ። ግሩም ነበር። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩትና «ሁለተኛውን ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ተዋወቁት» አልኩ። ክፍሉ አጨበጨበ። በሳምንቱ ያመጣልኝ ግጥም የራሱ ድምፅ ጠፍቶበት ጸጋዬን ጸጋዬን ይሸት ነበር። ሦስተኛ አላመጣልኝም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ባንክ ውስጥ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጦ አገኘሁት። «አሁንም ትጽፋለህ?» አልኩት። «መምህር፣ ያን ቀን ‹ጎበዝ፣ በርታ› ብቻ ቢሉኝ ኖሮ» አለና ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ። በክፋት አልነበረም ያለው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ እዞራለሁ።

በጁላይ 2024 ካቫን ሰሊቫን የሚባል የፊላደልፊያ ልጅ የአዱን ክብረ ወሰን በ13 ቀን ልዩነት ሰበረ። እሱም 14 ዓመቱ ነበር። ማንቸስተር ሲቲ 18 ሲሞላው ሊወስደው ከወዲሁ ተስማምቷል። ምን እንደሚሆን አልተነብይም፤ የምመኝለት በራሱ ስም እንዲጠራ ብቻ ነው።

ወደ ሻይ ቤታችን ልመለስ። ልጁን ጠጋ አልኩና «ስምህ ማን ነው?» አልኩት። አባቱ ቀደመና «ያማል!» አለ። «አንተን አልጠየቅኩም» አልኩት። ልጁ ቀና ብሎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እናቱ ያወጣችለትን ስም ነገረኝ። ጥሩ ስም ነው። እዚህ ግን አልጽፈውም፤ ገና 13 ዓመቱ ነው።