«አብዮት» ለሚለው ቃል በሚሰጠው ፍች ላይ የቀረበ ሒስ

ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካ ጽሑፎችና በትርጉም ሥራዎች ውስጥ «አብዮት» የሚለው ቃል የሚፈታው በአብዛኛው በአንድ መልክ ነው፤ ይኸውም አሮጌው ሥርዐት ተወግዶ በተሻለ አዲስ ሥርዐት የሚተካበት መሠረታዊ ለውጥ ማለት ነው ይባላል። ፍቹ አጭርና ግልጽ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ታሪክ የሚተረጉም ሰው ይህንኑ ይዞ ሥራ ቢጀምር ብዙ ሳይራመድ ይቸገራል።

ከሥሩ እንነሣ። «አብዮት» «አበየ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የግሡም ትርጓሜ እንቢ አለ፣ አልታዘዝም አለ ማለት ነው። ቃሉን የመረጡት ሰዎች በእኛ አስተያየት መልካም አድርገዋል። በጥር 1966 ዓ.ም. የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር ምክንያት በአለቆቻቸው ላይ ሲያምፁ፣ በየካቲትም መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ ሲያቆሙ የታየው እንቢታ ነበር እንጂ የአዲስ ሥርዐት ዕቅድ አልነበረም። በፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በሰኔ 1789 የሦስተኛው መደብ እንደራሴዎች ንጉሡ ከአዳራሹ እንዲወጡ ባዘዛቸው ጊዜ አንወጣም አሉ እንጂ ንጉሥ ይሻር አላሉም፤ ዘውዱ የተሻረው በ1792 ነው። እንግዲህ የቃሉ ሥር ስለ መነሻው ሲናገር ፍቹ የሚናገረው ስለ መድረሻው ብቻ ነው። በመካከል ያለው ግን ባለቤት አላገኘም።

ስለ አውሮፓውያኑ ቃል በመንገዳችን አንድ ነገር እናስታውስ። ከላቲን የመጣው «ሬቮሉሽን» በመነሻው ዞሮ መመለስን ያመለክታል፤ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 በታተመው መጽሐፉ ርእስ የተጠቀመበት ስለ ሰማይ አካላት ዙረት ነው። እንግሊዞችም የ1688ቱን የመንግሥት ለውጥ በዚሁ ስም ሲጠሩት፣ ደጋፊዎቹ የተወሰደባቸው የጥንት መብት እንደ ተመለሰላቸው ይቈጥሩ ነበር። ለዚህ ለጥንቱ ፍች በአማርኛ የሚቀርበው ቃል ፈልገን ያገኘነው «ቅልበሳ»ን ነው፤ ይኸውም የአብዮት ጠላት ለሚባለው ተግባር የተሰጠው ስም መሆኑ ነው! ቃል በቃል መተርጐም የት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

ዋናው ጉድለት ግን አብዮት እንዴት እንደሚረጋ የምንናገርበት ቃል ማጣታችን ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1794 ሮቤስፒየር ወደቀ፤ በ1799 ቦናፓርት ሥልጣን ያዘ፤ በ1814 የቡርቦን ዘውድ ተመለሰ። በተለመደው ፍች ከሄድን ነገሩ ሁሉ ተቀልብሷል ማለት ነው። ነገር ግን ተወርሶ የተሸጠው የቤተ ክርስቲያንና የመኳንንት መሬት በገዢዎቹ እጅ እንደሚቈይ የተመለሰው ንጉሥ ራሱ በቻርተሩ አጸደቀ። የእኛም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገውን ዐዋጅ ያወጀው ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ አስቀረው። ይህን «ድል» ወይም «ቅልበሳ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። በበኩላችን ወተት ሲረጋ የምንለውን ቃል ወስደን «መርጋት» ብንለው እንመርጣለን፤ የረጋ ነገር መልኩን ይለውጣል እንጂ ተመልሶ ቀድሞ የነበረውን አይሆንም።

«በተሻለ» የምትለዋ ቃልስ? እስዋን አጥብቀን እንቃወማለን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግም ኢሕአፓም ራሳቸውን አብዮታዊ፣ ተቃራኒያቸውን ፀረ አብዮት ይሉ ነበር፤ በዚህ ስም ብዙ ሰው ሞቷል። የተሻለውን ሥርዐት ያመጣው ማን እንደ ሆነ መፍረድ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራ አይደለም። ደግሞም ይህች ቃል ካለች ዓለም በሙሉ አብዮት የሚለው የ1905ቱ የሩስያ አብዮት ስሙን ሊያጣ ነው፤ ዛሩ ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ገዝቷልና።

ስለዚህ ፍቹ ከእንቢታ ተነሥቶ፣ የሥልጣን መናጋትንና ትግልን አልፎ፣ እስከ መርጋት ያለውን ሂደት እንዲይዝ፣ መሳካቱም ግዴታ እንዳይሆን እናሳስባለን። አራተኛ ፍች መጨመርም ሳያስፈልግ አይቀርም። «የአብዮቱ ውሳኔ»፣ «አብዮቱ አይፈቅድም» ይባል በነበረበት ዘመን ቃሉ ለውጥንም ሂደትንም አያመለክትም ነበር፤ የመንግሥት ስም ሆኖ ነበር። የዚያን ዘመን ሰነዶች የሚተረጉም ሰው ይህን ፍች በመዝገበ ቃላቱ ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል።