ኦቲስ ሬዲንግ፤ 21ኛና 1ኛ

በካፊቴሪያውም ሆነ በመኝታ ክፍሉ ስለ ሶል ዘፋኞች ክርክር በተነሳ ቁጥር ነገሩን የሚቆርጠው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስንተኛ ወጣ?» 1ኛ ከሆነ ተፈረደለት፤ 30ኛ ከሆነ ሸክላው ሳይሰማ ወደ ጎን ይጣላል። በሌላ ወገን የተሰለፉት ጓደኞቻችን ደግሞ ሕዝብ የተሻማበትን ዘፈን ሁሉ «የገበያ ነው» ብለው ይንቁታል። አንደኛው ወገን ለቁጥሩ ይሰግዳል፣ ሌላው ከቁጥሩ ይሸሻል፤ ዘፈኑን ማን ይስማው ታዲያ?

ይህን ለመነጋገር ከኦቲስ ሬዲንግ የተሻለ ሰው አላገኘንም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1941 በጆርጂያ ተወልዶ ሜከን በምትባል ከተማ ያደገው ኦቲስ፣ በ1962 ሜምፊስ ወደሚገኘው እስታክስ የሸክላ ኩባንያ የሄደው ሌላ ሙዚቀኛ በመኪና ሊያደርስ ነበር። የቀረጻው ሰዓት ሊያልቅ ሲል እሱም እንዲሞክር ዕድል ተሰጠውና «ዚዝ አርምስ ኦፍ ማይን» የሚለውን የራሱን ዘፈን አሰማ። ያ ሸክላ በቢልቦርድ መጽሔት ጠቅላላ ዝርዝር 85ኛ ወጣ። ከዚያ አምስት ዓመት ዘፈነ። ዲሴምበር 10 ቀን 1967 የተሳፈረበት አነስተኛ አውሮፕላን ዊስኮንሲን ውስጥ ሐይቅ ላይ ወድቆ በ26 ዓመቱ ሞተ። በነዚያ ዓመታት በጠቅላላው ዝርዝር ላይ ከ21ኛ አልፎ አያውቅም፤ እሱም በ1965 «አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ ቱ ሎንግ» በሚለው ነው። ከሞተ አንድ ወር ሳይሞላው «ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ» ወጣ። በማርች 1968 1ኛ ሆነ፤ አራት ሳምንትም ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ቢልቦርድ «ሆት 100» የሚባለውን ዝርዝር ከጀመረ ወዲህ ከሞተ በኋላ 1ኛ የወጣ የመጀመሪያው ዘፋኝ እሱ ነው።

እንግዲህ 21ኛ ማለት ምን ማለት ነው? ይኸው ሸክላ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ 2ኛ ነበር እኮ! ያ ሌላው ገጽ ያኔ «ሪዝም ኤንድ ብሉዝ» ይባል የነበረው፣ ጥቁሮች የሚገበዩባቸውን ሸክላ ቤቶችና የሚያዳምጧቸውን ራዲዮ ጣቢያዎች እየጠየቁ ያጠናቅሩት የነበረው ዝርዝር ነው። ዘፈኑ አንድ፣ ድምፁ አንድ፤ የተጠየቀው ሰፈር ግን ሁለት። በ2ኛና በ21ኛ መካከል ያለው ርቀት የኦቲስ ጉሮሮ ጉድለት አይደለም፤ የአሜሪካ ከተሞች የተከፈሉበት መስመር ነው። ይባስ ብሎ ቢልቦርድ ከ1963 መጨረሻ እስከ 1965 መጀመሪያ ይህንን ሁለተኛውን ዝርዝር ጨርሶ ማተም አቁሞ ነበር። ስለዚህ ኦቲስ በ1964 ያወጣቸው ሸክላዎች በዚያ ገጽ ላይ ቁጥር የላቸውም። ሰው ገዝቷቸዋል፣ ጨፍሮባቸዋል፤ መጽሔቱ አልቆጠረም እንጂ። ሸክላዎቹ የተሠሩበት ክፍል ደግሞ (አሮጌ ሲኒማ ቤት ነበር) ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ የሚባለው ባንድ፣ ሁለት ጥቁሮችና ሁለት ነጮች፣ አብረው የሚጫወቱበት ነበር። በክፍሉ ውስጥ አንድ ላይ የተቀረጸው ከበር ሲወጣ ለሁለት ይከፈላል፤ ጉድ ነው።

ሆኖም ቁጥር ሁልጊዜ ይዋሻል አንልም። «ሪስፔክት»ን የጻፈው ኦቲስ ነው። በ1965 ሲያወጣው በአንደኛው ገጽ 4ኛ፣ በጠቅላላው 35ኛ ሆነ። በ1967 አሬታ ፍራንክሊን ወሰደችውና በሁለቱም 1ኛ አወጣችው። እዚህ ላይ ገዢው ሕዝብ በደንብ የሰማ ይመስለናል። በኦቲስ አፍ ዘፈኑ ሥራ ውሎ የመጣ ባል ቤቱ ሲገባ ክብር የሚጠይቅበት ነው፤ ይሞቃል፣ ያስጨፍራል፣ ግን የጓዳ ጉዳይ ነው። አሬታ ሚስቲቱን አናገረቻት። ቃሉን ፊደል በፊደል ስትጠራው ልመናው ትእዛዝ ሆኖ ከጓዳ ወደ አደባባይ ወጣ። የኦቲስ አፍቃሪዎች ብንሆንም ይህን መካድ አይቻለንም።

አሁን ወደ ዋናው ሸክላ እንምጣ። «ትራይ ኤ ሊትል ቴንደርነስ» የ1932 ዘፈን ነው፤ ቢንግ ክሮዝቢን የመሰሉ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ዘፋኞች ሲያንቆረቁሩት የኖሩት። ለደከመች ሴት ርኅራኄ አሳያት የሚል ምክር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ኦቲስ በ1966 ሲይዘው የትንፋሽ መሣሪያዎቹ እንደ ሐዘን ቤት ቀስ ብለው ይከፍቱታል፤ እሱም ሊናገር ምንም አይቀረው። ከዚያ አል ጃክሰን የድራሙን ጠርዝ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ኦርጋኑ ይገባል፣ ጊታሩ ይከተላል፣ ፍጥነቱ ሳናውቀው ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ቃላቱ ይሰባበራሉ፤ ዘፋኙ የሚይዘው ቁርጥራጭ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ለስላሳነትን የሚመክር ዘፈን በጩኸት ያልቃል! ተቃርኖ ነው የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከእንጉርጉሮ ተነስቶ ፉከራ ላይ የሚደርስ ሰው አይተን እናውቃለንና አይደንቀንም፤ ጩኸቱ የመጣው ከዚያው ርኅራኄ ነው፣ ዝግ ብሎ ሊሸከመው ስላልቻለ። በአሥመራው የቃኘው ጦር ሠፈር በኩልም የገባው ሶል የአዲስ አበባን ባንዶች ጥሩንባና ኦርጋን እንዴት እንደነካ ለማወቅ፣ አምኃ እሸቴ ከ1969 ጀምሮ ካሳተማቸው ሸክላዎች የዓለማየሁ እሸቴን መስማት ይበቃል። ይህ የኦቲስ ትልቁ ሥራ በጠቅላላው ዝርዝር 25ኛ ነው የወጣው።

«ዘ ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ» ሌላ ዓለም ነው። ኦቲስ በዚያ ዓመት የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ከድኖ ነበር፤ ዘፈኑን ከጊታሪስቱ ከስቲቭ ክሮፐር ጋር ጽፎ በኖቬምበርና ሞቱ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በዲሴምበር ቀረጸው። የማዕበሉንና የባሕር ወፎቹን ድምፅ ክሮፐር በኋላ ጨመረበት። ጆርጂያን ትቶ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰ፣ ሥራ የፈታ ሰው ውሃ ዳር ተቀምጦ መርከቦች ሲገቡና ሲወጡ ያያል፤ በቃ። ማለቂያው ላይ ያፏጫል። እስታክስ ውስጥ ሳይቀር ይህ ሶል ነው ወይ ያሉ እንደነበሩ ይነገራል።

«ሐዘኔታ ነው 1ኛ ያወጣው» የሚሉትን በግማሽ እንቀበላቸዋለን። ሞቱ ጆሮ ሁሉ ወደሱ እንዲዞር አድርጓል፤ አይካድም። ነገር ግን በጁን 1967 ሞንቴሬይ ላይ አብዛኛው ነጭ በሆነ ወጣት ተመልካች ፊት ቆሞ ማርኮታል፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዙ የሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ አንባቢዎች ኤልቪስን ትተው የዓመቱ ምርጥ ወንድ ድምፃዊ ብለውታል። መንገዱን ራሱ ጀምሮታል ማለት ነው። ዘፈኑም በሁለቱም ገጽ 1ኛ ሆነ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ተገናኙ። አፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያችው በሜምፊስ ሲገደል በሀገሪቱ ዝርዝር አናት ላይ የነበረው ይህ ሜምፊስ ውስጥ የተቀረጸ ዘፈን ነበር። ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል የለውም። ምንም እንደማይለወጥ አውቆ የተቀመጠ ሰው ነው የሚዘፍነው፤ በዚያ ሳምንት ይህን የሰማ ጥቁር ሜምፊሳዊ ምን እንደተሰማው አንባቢ ይገምት።

ቅር የሚለን አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ገጾች የተገናኙት ኦቲስ ድምፁን ዝቅ ባደረገበት ቦታ ላይ ነው። ሲጮህ 25ኛ ያሉት፣ ሲያፏጭ 1ኛ አሉት። ፉጨቱ ውብ ነው፤ እኛም እናፏጨዋለን። ለአንድ ሸክላ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ቢኖረን ግን 25ኛውን እንገዛለን፤ 1ኛውን ከጓደኛ እንዋሳለን።