የማይሟሟ ከረሜላ

ኧረ ሰዎች፣ ይህን ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቃችሁት ነው? ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ሲሊኮን፣ ከግሮሰሪ የበቆሎ ስታርች፣ ከኪዮስክ ጠጣር ከረሜላ፤ በቃ! ዱርቤቴ ቁጭ ብሎ የዶቃ ቅርጽ ማውጫ መሥራት ይቻላል። ከቅርጹ የወጣውን ከረሜላ መሳይ ዶቃ አንገቴ ላይ አስሬ ብወጣ የጎረቤት ልጅ “አንዷን ብቻ!” ብሎ እጁን ዘረጋልኝ።

ሲሊኮኑ ያው የመስኮት መስታወት ዙሪያ የሚሞላው፣ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ነው። የሚጠነክረው እርጥበት ሲያገኝ ስለሆነ ብቻውን ቢተዉት ከላይ ቆዳ ያወጣና ውስጡ ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። ስታርች ሲገባበት ግን እርጥበቱን እስከ መሃሉ ያደርስለታል። መጠኑ በግምት እኩል በእኩል ነው። እጅ ላይ ስታርች ነስንሶ ማሸት፤ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ያማርራል፣ ከዚያ ድንገት እንደ ዳቦ ሊጥ ስብስብ ይላል። እዚህ ላይ ወሬ የለም! በደቂቃዎች ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር ዘይት የተቀባውን ከረሜላ ቶሎ መጫን ነው። በቆሎ በሞላበት በእኛው በደቡብ አቸፈር የቤቱ ዱቄት ለምን አይሆንም ትሉ ይሆናል፤ ሸካራ ነው፣ ምስሉን ያበላሻል።

ምስሉ! ፋብሪካው ከረሜላው ላይ የተወው የመጋጠሚያ መስመር፣ ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ፣ ልብ ያላልኩት የአየር ቀዳዳ ሳይቀር ሲሊኮኑ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ከረሜላው አልወጣም ብሎ ቢያስቸግር ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ ስኳሩ ሟሙቶ ይወጣል፣ ቅርጹ ፍንክች አይልም። ይህን ሳይ እልል ማለት ነው የቀረኝ። አንጥረኛ መስቀል የሚያወጣበት ጥበብ ይኸው አይደል? ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ካስወጣ በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ወይም ብር ያፈስበታል። የጎጃም ሰው ሰምና ወርቅን ከቅኔ ቤት ያውቀዋል፤ እኔ ከከረሜላ ተማርኩት። የአንጥረኛው ጭቃ ግን አንዴ ተሰብሮ ያልቃል፤ የእኔው ሲሊኮን ደጋግሞ ይወልዳል!

ቅርጹ ውስጥ የሚሞላው ነገር እንደ ከረሜላው ዓይነት ነው። ብርሃን የማያሳልፈው፣ ለምሳሌ ቡናማው ከረሜላ፣ በአናጢ ነጭ ኮላና በስታርች ልውስ ያምራል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ከውሃ ግን ይጠበቅ። ብርሃን የሚያሳልፈውን ቀይና አረንጓዴ የሚያወጣው ኢፖክሲ ነው። ከማጠንከሪያው ጋር ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ሳይቸኩሉ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ከቸኮሉ አረፋ ይይዛል። የምግብ ቀለም ውሃ ስላለው አይስማማውም። የሠዓሊ የዘይት ቀለም በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጎ መጨመር ይበቃል። ቀዳዳው? ዘይት የተቀባ ስቴኪኒ መሃሉ ላይ ማቆም፣ በማግስቱ መንቀል። ጓንት ማድረግና መስኮት መክፈት ግን ግድ ነው፤ ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል። ሕፃናትም እውነት መስሏቸው እንዳይውጡት ዶቃው ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ቅርጹም ከዚያ ወዲያ ለምግብ አይዋል።

“አርቴፊሻል ነው” ብሎ አፍንጫውን የሚነፋ አይጠፋም። ይንፋ! በወሎና በሐረር ሴቶች አንገት ላይ አምበር እየተባለ የኖረው ትልልቅ ቢጫ ዶቃ ስንቱ እውነተኛ የዛፍ ሙጫ ይመስላችኋል? ኬሚስቱ ሊዮ ቤክላንድ በ1907 እ.ኤ.አ. ባኬላይት የተባለውን ፕላስቲክ ከፈለሰፈ በኋላ አውሮፓውያን የዚያን ዘር ፕላስቲክ በአምበር መልክ እየሠሩ ወደ አፍሪካ ሲልኩ ነበር። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ያብሎኔትስ ከተማ ዙሪያም የቀለጠ ብርጭቆ በቅርጽ እየተጫነ የከበረ ድንጋይ የሚመስል ዶቃ እየወጣ ለአፍሪካ ገበያ ተልኳል። እና የእነሱ ማስመሰል ንግድ ሲሆን የእኛው ለምን ነውር ይሆናል? ደግሞ እኮ የእኔው ከረሜላ ማንንም አያታልልም፤ ካዩት በኋላ ነው የሚያስቀው።

ወፍራም የጥጥ ክር ላይ፣ በየመሃሉ ትንንሽ ጨሌ እያስገቡ ቢሰኩት ዶቃው እርስ በርሱ አይፋጭም፣ አንጸባራቂነቱም አይጠፋም። ለጥምቀት ሐበሻ ቀሚስ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ከረሜላ ደርድሬ ልወጣ ነው። የሎሚ ቢጫው ብቻ እስካሁን እምቢ ብሎኛል፤ ወይ ይገረጣል፣ ወይ ብርቱካን ይሆናል። ያወቀበት ካለ ይንገረኝ፣ እኔም ከቅርጹ አንዱን እሰጣለሁ።