ኩርኩፋ ለተማሪ ድግስ

የምርቃት ወይም የስንብት ግብዣ የሚያሰናዱ ተማሪዎች ገንዘብም ጊዜም ያጥራቸዋል። ለዚህ ችግር መላው የጋሞ ማጀት ያፈራው ኩርኩፋ የተባለው ምግብ ነው። የበቆሎ ዱቄት በሙቅ ውሃ ጠንከር አድርጎ ማሸት፣ በመዳፍ ማድቦልቦል፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር በጨው መቀቀል፣ ውሃውን አጥልሎ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከተወቀጠበት ዳጣ ጋር ማቅረብ፤ ሥራው ይኸው ነው። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ገና ሲቁላላ ኩርኩፋው ይደርሳል። ማድቦልቦሉ የተለየ ሙያ ስለማይጠይቅም ከጋሞው ካምባ የመጣው ለአዲስ አበባው እያሳየ ሁሉም እጁን ያስገባል።

«የዘወትር ምግብ እንዴት ለድግስ ይቀርባል?» የሚሉ አሉ። የድግስ ክብር ግን የተጠራው ሁሉ በልቶ መጥገቡ ነው። ሥጋም ቅቤም የሌለበትን ኩርኩፋ ጿሚው፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ከአንድ ትሪ ይቋደሱታል። በዚያው በጋሞ የሚገኘው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ስለሚቀበል፣ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ሽፈራው ይመራል የሚባለውም እውነት ነው፤ ዳጣው ግን ምሬቱን ይችለዋል። ኩርኩፋን ከድግስ ብናስቀር፣ ኪሱ የሳሳ ተማሪ ጓደኞቹን መጋበዝ ይተዋል። ያለውን ይዞ ብዙ ሰው ማስተናገድ ያስቻለ ምግብ ከግብዣ ጠረጴዛ መሐል መቀመጥ ይገባዋል።