የማርቆስ ወንጌል ፍጻሜና የግዕዝ ብራናዎች ምስክርነት

የማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ቍጥር 8 ላይ ይፈጸማል ወይስ እስከ ቍጥር 20 ይዘልቃል? ይህ ጥያቄ የወንጌልን ንባብ የሚመረምሩትን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ነገሩም ቀላል አይደለም፤ የወንጌሉ መደምደሚያ የሴቶቹ ፍርሃትና ዝምታ ነው ወይስ የሐዋርያት ስብከት የሚለው ትርጓሜ በዚሁ ላይ የቆመ ነውና።

በቍጥር 8 ያበቃል የሚሉት ዋና ማስረጃ የሚያደርጉት በ4ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፉትን የሲናንና የቫቲካንን የጽርዕ ብራናዎች ነው፤ ሁለቱም ከዚያ አያልፉም። ነገር ግን ሄሬኔዎስ በ2ኛው ምዕተ ዓመት ፍጻሜ ገደማ ቍጥር 19ን ከማርቆስ ጠቅሶ ጽፏል። ስለዚህ የብራናው ዕድሜ ብቻውን የንባቡን ዕድሜ አይወስንም።

ሌሎች ደግሞ ክርክራቸውን በሰዋስው ላይ ይመሠርታሉ። በጽርዕ የቍጥር 8 የመጨረሻ ቃል ምክንያትን የሚያመለክት አያያዥ ነው፤ መጽሐፍ እንዲህ ባለ ቃል ሊፈጸም ስለማይችል የመጨረሻው ቅጠል ጠፍቷል ይላሉ። በግዕዝ ይህ ቃል «እስመ» ሲሆን በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ስለሚገባ ችግሩ አይታይም። በአማርኛ ግን «አልመጣሁም፤ ታምሜ ነበርና» ብንል ነገሩ ሙሉ ነው። በጽርዕም ቢሆን ከፕሎቲኖስ ድርሳናት አንዱ በዚሁ ቃል እንደሚፈጸም ፋን ደር ሆርስት በ1972 (በኤውሮጳ አቈጣጠር) አሳይቷል። እንግዲህ የቅጠሉን መጥፋት ከሰዋስው ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን ግን የግዕዙ ምስክርነት ነው። በሎንዶን የሚገኙ አንዳንድ የግዕዝ ብራናዎች በቍጥር 8 እንደሚያበቁ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ተጽፎ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍት ደራሲዎችም ብራናዎቹን ሳይመለከቱ ቃሉን አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ አስተላለፉት። አሜሪካዊው ሊቅ ብሩስ ሜትስገር በዚያው በ1972 ባወጣው ጥናት ግን አባባሉ ስሕተት መሆኑን ገለጠ። እንዲያውም ብዙ የግዕዝ ብራናዎች ከቍጥር 8 በኋላ በመጀመሪያ አጭሩን ፍጻሜ፣ ቀጥሎም ረጅሙን ይጽፋሉ። አጭሩ ፍጻሜ ሴቶቹ የታዘዙትን ለጴጥሮስና አብረውት ለነበሩት እንደ ነገሩ ይተርካል፤ ቍጥር 8 ደግሞ ዝም አሉ ይላል። ጸሐፊዎቹ ግን ለማስማማት ብለው አንዱን አልፋቁም።

ይህን ከአንድምታ መምህራን ልማድ ጋር ማያያዝ ደስ ያሰኛል፤ እነርሱም ልዩ ልዩ ትርጓሜዎችን «አንድም» እያሉ ጐን ለጐን ያኖራሉና። ሆኖም ሁለቱን ፍጻሜዎች አስከትሎ መጻፍ በአንዳንድ የጽርዕና የቅብጥ ብራናዎችም ስለሚገኝ የእኛ ጸሐፊዎች ፈጠራ ነው ማለት አይገባም። የሚመሰገኑት የተቀበሉትን ሳይቀንሱ በማቆየታቸው ነው።

እንደሚመስለኝ የግዕዝ ብራናዎች ማርቆስ በገዛ እጁ የት ላይ እንዳቆመ ሊነግሩን አይችሉም። የሚመሰክሩት በቤተ ክርስቲያን ይነበብ የነበረውን ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚቀላቅል ሐያሲ ማርቆስንም ጸሐፊዎቻችንንም ይበድላል። ሮኹስ ዙርሞንድ የግዕዙን ማርቆስ ብራናዎችን አመሳክሮ በ1989 ስላሳተመ፣ ከእንግዲህ በሰሚ ሰሚ መጻፍ ምክንያት የለውም። ግዕዝ የሚያነብ ተማሪም በባዕድ መጽሐፍ ግርጌ ከተጻፈው ማስታወሻ አስቀድሞ ንባቡን ራሱን ይመርምር።