ዕጢው ከየት ተነሳ?

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የተነሳ የማህፀን ናሙና በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪደርስ ብዙ ነገር ተወስኖ ያልቃል። እኛ ፓቶሎጂስቶች ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ከማለታችን በፊት ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሥጋው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን ነው። እሱ ደግሞ ሥጋ ውስጥ የሚሰርገው ቀስ ብሎ ነው፤ በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ። ሳይከፈት ጠባብ ዕቃ ውስጥ የተጠቀጠቀ ማህፀን ውጩ ጠንክሮ ይመጣል፤ ቢላዋ ሲያርፍበት ውስጡ ላሽቋል። ካንሰሩ ያለው እዚያው ውስጠኛው ሽፋን ላይ ነው።

ስለ ፎርማሊን አጥብቄ የምናገረው ክፉ መልክ ያላቸው የማህፀን ካንሰሮች አንድ በሽታ ስላልሆኑ ነው። ኢንዶሜትሪዮይድ የምንለው ብዙውን ጊዜ ኢስትሮጅን ለረጅም ጊዜ ባወፈረው ሽፋን ላይ ይበቅላል። ሴረስ የሚባለው ግን የወር አበባ ከቆመ ከዓመታት በኋላ ከሳሳ ሽፋን ወይም ከፖሊፕ ይነሳል፤ ማህፀን ውስጥ ገና ትንሽ ሳለ ሆድ ዕቃ ውስጥ ሊዘራ ይችላል። ተመራማሪው ቦክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለት መንገድ ብሎ ለያቸው፤ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የካንሰር ጂኖም ጥናት አራት አደረጋቸው። ሕዋሳቱ ክፉኛ ሲበላሹ በዐይን መለየት ያቅታል፤ ያኔ ፕሮቲኖቹን በቀለም እንጠይቃለን።

ፒ53 የተባለው ፕሮቲን ጤነኛ ሕዋስ ላይ እዚህ ፈዘዝ፣ እዚያ ደመቅ እያለ ይታያል። ጂኑ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ወይ የዕጢው ኒውክለስ ሁሉ ጥቁር ቡናማ ይሆናል፣ ወይ ጭራሽ አይቀልምም። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው። ፕሮቲኑ በእርግጥ ጠፍቶ ነው ወይስ ሥጋው ፎርማሊን ሳያገኝ ውሎ? ስለዚህ መጀመሪያ የማየው ዕጢውን ሳይሆን አጠገቡ ያሉትን የደም ሥርና የደጋፊ ሕዋሳት ነው። እነሱ ፈዘዝ ብለው ከቀለሙ የዕጢው ባዶነት እውነት ነው። እነሱም ባዶ ከሆኑ ውጤት አልጽፍበትም።

በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ስለሚበዛ ከሐኪሙ የሚመጣው የጥያቄ ወረቀት አስቀድሞ ወደዚያ ያዘነብላል። የማህፀን በር ካንሰር ብዙውን ጊዜ የሚያደምቀው ፕሮቲን ፒ16 ደምቆ ሲወጣም «ይኸው» ለማለት ይቸኮላል። ሴረሱም እኮ ፒ16ን ያደምቃል! የኢስትሮጅን ተቀባዩንና ፒ53ን አብሮ ሳያዩ መፍረድ እናትየዋን ወደማይሆን ሕክምና ሊመራቸው ይችላል።

ከዲኤንኤ ጥገና ፕሮቲኖቹ፣ ከኤምኤልኤች1፣ ከኤምኤስኤች2፣ ከኤምኤስኤች6 ወይም ከፒኤምኤስ2 አንዱ ሲጠፋ ደግሞ ነገሩ ከእናትየዋ ሊያልፍ ይችላል፤ በዘር የሚተላለፈው ሊንች ሲንድረም ይጠረጠራል። ኤምኤልኤች1 አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው ዕጢው ራሱ ጂኑን ዘግቶት ነው። ቢሆንም ልጆቻቸውና እህቶቻቸው ስለ ማህፀንና ስለ አንጀት ካንሰር እንዲጠየቁ ሪፖርቱ ላይ እጽፋለሁ፤ ወረቀት መንገድ ላይ ስለሚቀርም ለላከው ሐኪም እደውላለሁ።